ስልኩንና መሳያውን ያወዳደርኩበት ሳምንት

ሥራውን የሰጠኝ እሱ ራሱ፣ የቢሮ ሸሪኬ ነው። ሰኞ ጠዋት ነበር፤ ሰበታ፣ ጅማ መንገድ ዳር፣ ከመድኃኒት ቤት በላይ በተከራየናት አንዲት ክፍል ውስጥ። ጃኬቱን ሳያወልቅ መጥቶ ጠረጴዛዬን ተደገፈና፣ "ከሁለቱ አንዱን መተው ሊኖርብን ነው" አለኝ።

"ከየትኞቹ ሁለቱ?"

"ከስልኩና ከመሳያው ሶፍትዌር። ውጭ ያለችው ዘመዴ ከሚመጣው ወር ጀምሮ በካርዷ የምትከፍልልን ለአንዱ ብቻ ነው። አንቺ ይህን ሳምንት ሁለቱንም ተጠቀሚና አወዳድረሽ ጻፊልኝ። ደግሞ ለመሳያሽ እንዳታደዪ!"

ሳቅኩ። እንደማደላ ሁለታችንም እናውቅ ነበር።

ቢሯችን ውስጥ ሁለት ዓይነት ሥራ ነበር። እኔ እስላለሁ። የሱቅ ታፔላ፣ የዱቄት ከረጢት ላይ የሚታተም አርማ፣ ለሱሉልታ ወተት ሰብሳቢዎች ስቲከር፣ የሠርግ ጥሪ ወረቀት፤ ሁሉንም የምሠራው ኢንተርኔት ላይ በሚከፈት የቬክተር መሳያ ነበር። ቬክተር ስዕሉን በነጥብና በመስመር ነው የሚይዘው። ጥፍር የምታክል አርማ ሠርተህ ግድግዳ በሚያህል ታፔላ ላይ ብትዘረጋት ጠርዟ አይሻክርም። ይህን ነገሩን እወደው ነበር። እሱ ደግሞ የስልኩን ሥራ ይዟል። ጸሐፊ መቅጠር ለማይችሉ ትንንሽ ድርጅቶች፣ ለምሳሌ ቡራዩ ላለ ጠጠር ፈጪና ለአንድ የመኪና ማሠልጠኛ፣ ደንበኛ ሲደውል ጥሪው እኛ ኮምፒውተር ላይ ወዳለው የስልክ ሶፍትዌር ይገባል። ሶፍትዌሩ ሰላምታ ይሰጣል፣ ደዋዩን ወደሚፈልገው ሰው ያሻግራል፣ ማን መቼ እንደደወለ ይመዘግባል፣ ንግግሩንም ይቀርጻል። "ለአማርኛ አንድን፣ ለኦሮምኛ ሁለትን ይጫኑ" የሚለው ድምፅ የኔ ነበር። በሁለቱም ቋንቋ የቀዳሁት እኔ ነኝ። ከዚያ ውጭ ግን የስልኩን ገጽ ከፍቼ አላውቅም። የእሱ ነው ብዬ ተውኩት።

እሱን ያወቅሁት ኮሌጅ ሳለሁ ነው። ከወሊሶ ወዲያ ነው የመጣው፤ ወላጆቹ በልጅነቱ ሞተዋል። ማደሪያ ሲያጣ አባቴ ፉሪ ካለው ቤታችን ጓሮ ያለችውን ክፍል ሰጠው። ሦስት ዓመት እዚያ ኖረ። አባቴ ጤፍና ሽምብራ የሚያርስ ገበሬ ነው፤ ወንድ ልጅ የለውም። አጨዳ ሲደርስ ከአባቴ ጎን ተሰልፎ ያጭዳል፤ ማታ ከእኛው ትሪ ይበላል። አባቴ መጀመሪያ በስሙ ይጠራው ነበር፤ እያደር "ኢልመ ኮ" ማለት ጀመረ። ልጄ ማለቱ ነው። ትምህርት ጨርሰን አብረን ቢሮ እንክፈት ሲለኝ አላመነታሁም። ወንድም ቢኖረኝ እንደ እሱ ይሆን ነበር ብዬ አስብ ነበር።

ጊዜው የማስተር ፕላኑ ጊዜ ነበር። አዲስ አበባ ወደ ዙሪያዋ ልትሰፋ ነው፣ ሰበታም ቡራዩም ሱሉልታም በአንድ ካርታ ሊጠቃለሉ ነው ይባል ነበር። ገበሬው መሬቴን ሊወስዱ ነው ይላል፤ ተማሪው ትምህርት አቋርጦ ወጥቷል። አንድ ቀን የቡራዩ መንገድ ይዘጋል፣ ሌላ ቀን የሱሉልታ። ሰበታ ላይ ጠዋት ታክሲ ተሳፍረህ ማታ በእግር መመለስ የተለመደ ሆነ። የሞቱ ልጆች ነበሩ። እኛ ሰፈር ለቅሶ ያልደረሰ ሰው አልነበረም። አባቴ ሬዲዮውን ጆሮው ላይ ለጥፎ ይውላል፤ ግን ብዙ አይናገርም ነበር።

ሰኞና ማክሰኞ ማስታወሻ ስይዝ ዋልኩ። ወረቀቱን መሐል ላይ አስምሬ በግራ "መሳያው"፣ በቀኝ "ስልኩ" ብዬ ጻፍኩ። በግራ በኩል ያለው ቶሎ ሞላ። ስልኩ ላይ ለመጻፍ ግን መጀመሪያ ልማረው ይገባ ነበር፤ ጥሪ ማሻገር፣ ሰው ማስጠበቅ፣ ያመለጠ ጥሪ መፈለግ። ማክሰኞ ማታ ገና፣ ካሰብኩት በላይ ጥሩ ሥራ ነው ብዬ ለራሴ አመንኩ። የቡራዩው ጠጠር ፈጪ መንገድ ተዘግቶበት ቢሮው ሳይገባ ውሎ ደንበኞቹን ግን አንዱንም አላጣም።

ረቡዕ ጠዋት ኢንተርኔት ጠፋ። ወደ ጅማ የሚወስደው መንገድም ተዘግቷል ተባለ። እሱ "ደንበኛ አገኛለሁ" ብሎ ማልዶ ወደ ቡራዩ ወጥቷል። መሳያውን ብከፍት ነጭ ገጽ ብቻ ነው፤ ሥራዎቼ ሁሉ እዚያ ማዶ ቀርተዋል። የስልኩ ሶፍትዌር ግን ሲም ካርድ ከተሰካበት ሳጥን ጋር የተያያዘ ስለነበር ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል፤ ቅጂዎቹም እዚሁ ኮምፒውተር ውስጥ ናቸው። ይህንንም በቀኝ በኩል ጻፍኩ። ከዚያ የሚቀረኝ የድምፁን ጥራት ማየት ነበር። መስመር ሲበላሽ የተቀዳው ይሰማል ወይስ አይሰማም? ቅጂዎቹ የተዘረዘሩበትን ገጽ ከፈትኩና ረዘም ካሉት አንዱን ነካሁ።

የእሱ ድምፅ ነበር፤ ለካ የራሱም ጥሪ ከደንበኞቹ ጋር አብሮ ይቀረጽ ኖሯል። የሚያናግረውንም አወቅሁት፤ ቤት ሠርቶ የሚሸጥ ድርጅት አለኝ የሚል ደንበኛችን ነው። መልኩን አላውቀውም፤ በድምፁ ብቻ ነው የማውቀው። ከአንድ ወር በፊት ብሮሸር ሠርቼለት ነበር። ብሮሸሩ ላይ ሦስት የቤት መሥሪያ ቦታዎች ነበሩ፤ አንዱ ሱሉልታ፣ አንዱ ቡራዩ፣ ሦስተኛው "ሳይት ሦስት" ብቻ ተብሎ የተጻፈ።

"ሳይት ሦስት አለቀ ወይስ አላለቀም?" ይላል ሰውየው።

"አልቋል። ሽማግሌው ፈርሟል።"

"ልጅ አለችው ብለኸኝ አልነበር? ነገ ተነስታ ብታስቸግረንስ?"

"ልጅቷ እኔው ጋ ነው የምትሠራው። ካርታውን የሣለችው እሷ ናት እኮ!"

ሰውየው ሳቀ። "ታውቃለች?"

"አታውቅም። የሚሣል ነገር ከሰጠኋት ሌላ አትጠይቅም።"

ድምፁ ጥርት ብሎ ይሰማል። ማስታወሻዬ ላይ ልጽፍ ብዕሩን አንስቼ ነበር፤ እጄ እንደተንጠለጠለ ቀረ። ደግሜ ሰማሁት። ሦስተኛ ጊዜ ስሰማው "ሽማግሌው" ያለበት አነጋገር ላይ ቆምኩ። ቤታችን ሲመጣ አባቴን "አባባ" ነበር የሚለው፤ ሌላው ሰው ሁሉ በኦሮምኛ "ኦቦ"፣ አቶ እንደማለት፣ ሲል እሱ ብቻ "አባባ" ይላል።

ከመሳቢያው የብሮሸሩን ናሙና አወጣሁ። ሳይት ሦስትን ስሠራ በእጅ የተጫረ ንድፍ ነበር የሰጠኝ፤ ሰሜኑ አልተጻፈበትም፣ የቦታ ስም የለውም። ወንዟን ሰማያዊ አደረግኋት፣ መንገዶቹን አስተካከልኩ፣ ቦታውን በቁጥር ከፋፈልኩ፣ ዳር ዳሩን ዛፍ ሞላሁበት። አሁን ወረቀቱን ይዤ ጠረጴዛው ላይ ገለበጥኩት። ላይ የነበረው ታች ሲሆን ወንዟ ከቤታችን በታች ካሉት ባሕር ዛፎች ሥር እንደምትታጠፈው ታጠፈች። ልጅ ሆኜ ልብስ ያጠብኩባት ወንዝ ናት። ከወንዟ በላይ የአባቴ የጤፍ ማሳ፤ እኔ ከአሥራ አንድ እስከ አሥራ ዘጠኝ ቁጥር ሰጥቼዋለሁ።

ሌላም ነገር ትዝ አለኝ። ንድፉ ላይ አንዲት ትንሽ አራት ማዕዘን ነበረች። እኔም ሥያት ነበር። እሱ ከኋላዬ ቆሞ እያየ፣ "ያቺን አጥፊያት፣ በስህተት የገባች ናት" አለኝ። አጠፋኋት። አንድ ጊዜ መንካት ብቻ ነው የፈለገው። ቤታችን ነበረች።

ቀጥሎ የመጣብኝ ፊርማው ነበር። ከሁለት ሳምንት በፊት፣ እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቤት መጥቶ ነበር። አባቴ ለብቻው የመብራት ቆጣሪ እንዲገባለት ካመለከተ ቆይቷል። እሱ ወረቀት አውጥቶ፣ "አባባ፣ የቆጣሪው ጉዳይ ሊያልቅ ነው፤ እዚህ ላይ ብቻ ይፈርሙ" አለ። አባቴ ማንበብ አይችልም። ወረቀቱን አገላብጦ አየና ወደ እኔ ዞረ። እኔ ጓዳ ሰሐን እያጠብኩ ነበር። እጄን በቀሚሴ አድርቄ እንኳ አልመጣሁም። ከዚያው ሆኜ፣ "ይፈርሙለት አባዬ፣ እሱ እኮ ነው!" አልኩ። አባቴ አውራ ጣቱን ቀለሙ ላይ ጫነ።

ቅጂውን ወደ ሞባይሌ ገልብጬ ቢሮውን ዘጋሁ። ታክሲ አልነበረም። ከሰበታ ወደ ፉሪ በእግሬ ተነሳሁ። ፋብሪካዎቹ በር ዘግተው ሠራተኞቹ በቡድን በቡድን ሆነው ዳር ዳሩን ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። ከከተማው ወጣ ስል ልጆች ድንጋይ ደርድረው መንገዱን ዘግተዋል። አንዱ "ኤሳ ዴምታ?" ብሎ ወዴት እንደምሄድ ጠየቀኝ። በኦሮምኛ ወደ ቤቴ አልኩት። "ማነው አባትሽ?" አለ። ስነግረው አወቀው፤ ድንጋይ ከመንገዴ አንስቶ አሳለፈኝ። "በርቺ እህቴ፣ መሬታችንን ለማንም አንሰጥም" አለኝ። ቦርሳዬ ውስጥ ያ ብሮሸር ነበር። እግዜር ይስጥልኝ ብዬ አቀርቅሬ አለፍኩ።

አባቴን ያገኘሁት ከበረቱ ደጃፍ ዱላውን ተደግፎ ቆሞ ነው። ሲያየኝ ደነገጠ፤ በዚያ ቀን መንገድ ላይ መሆኔን አልጠበቀም።

"ምን ሆንሽ ኢንተለ ኮ፣ ልጄ? ተመታሽ እንዴ?"

"አልተመታሁም አባዬ። ይቀመጡ።"

ነገሩን በኦሮምኛም በአማርኛም እየቀላቀልኩ ነገርኩት። አላመነኝም። የሆነ ሰው ሊያጣላችሁ ፈልጎ ነው አለኝ። ስልኩን አውጥቼ አስደመጥኩት። "ሽማግሌው ፈርሟል" የሚለው ጋ ሲደርስ እጁን አነሳና አስቆመኝ። "እንደገና" አለ። እንደገና ከፈትኩለት።

"ድምፁ የእሱ ነው" አለ በመጨረሻ። "ጉንፋን ይዞታል፤ አልሰማሽውም? ሲተነፍስ ይሰማል።"

ከሁሉም ያ ነው አንጀቴን የበላው። ሰው መሬቱ በተሸጠበት ድምፅ ውስጥ የልጁን ጉንፋን መስማቱ።

ከዚያ ብሮሸሩን እንዳሳየው ጠየቀኝ። ሰጠሁት። ጣቱን ወንዟ ላይ አድርጎ ተከተላት። ቤቱ የነበረበት ቦታ ሲደርስ ቆመ።

"ይሄን ማነው የሣለው?"

"እኔ።"

"አንቺ ታውቂ ነበር?"

"አላውቅም ነበር አባዬ። በእግዚአብሔር!"

ቀና ብሎ አየኝ። እንዳመነኝ ማወቅ አልቻልኩም። "ይፈርሙለት ያልሽኝ አንቺ ነሽ" አለኝ። ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ የሆነውን ነገር ብቻ ነው የተናገረው። ብሮሸሩን አጥፎ መለሰልኝና ላሞቹን ሊያስገባ ተነሳ።

ዓርብ መንገዱ ከፈት ሲል ወደ ቢሮ ሄድኩ። እሱ ቀድሞኝ ገብቷል፤ ስልኩ ላይ ነበር። ጥሪውን ሲጨርስ ፈገግ ብሎ፣ "እሺ፣ አወዳደርሽ?" አለኝ።

"አዎ።"

"የቱ ተሻለ?"

"ስልኩ።"

"አንቺ? ስልኩ?" ብሎ ሳቀ። "ምን አገኘሽበት?"

ቅጂውን ከፈትኩ። የራሱን ድምፅ ሲሰማ ሳቁ ፊቱ ላይ ትንሽ ቆየ፤ የሚያስቀምጥበት ያጣ ይመስል። አላቋረጠኝም። ሲያልቅ በሩን ሄዶ ዘጋና ተመልሶ ተቀመጠ።

"ስሚኝ። ማስተር ፕላኑ ያለቀ ነገር ነው። ልጆቹ ድንጋይ ስለወረወሩ የሚቀር መስሎሻል? መሬቱ እንደሆነ መሄዱ አይቀርም። በነፃ ከሚወስዱት ለሚከፍል ሰው ቢሄድ ይሻላል ብዬ ነው። ለእናንተም አስቤ ነው።"

"ታዲያ ለምን ቆጣሪ ነው አልከው?"

ጠረጴዛው ላይ ያለውን ወረቀት ማስተካከል ጀመረ።

"ለእኛ ካሰብክ ለምን እውነቱን አንብበህለት አላስፈረምከውም?"

"ቢነበብለት አይፈርምማ!" አለ። ይህን ሲል ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁን ከፍ አደረገ። የተናገረውን ራሱ ሲሰማው ዓይኑን ወደ መስኮቱ አዞረ። እኔም ሌላ የምጠይቀው አልነበረኝም። ስድስት ዓመት የማውቀው ሰው ነው። ሲታመም አባቴ በበቅሎ ጤና ጣቢያ ወስዶታል፤ የእናቴ ለቅሶ ላይ ከእኔ በላይ ያለቀሰው እሱ ነው። ያ ሁሉ ውሸት ነበር ብዬ ማሰብ አልቻልኩም። እውነት ነበር ብሎ ማሰብ ደግሞ የባሰ ነው፤ እየወደደን ነው ያደረገው ማለት ነዋ። ኮምፒውተሬን ነቅዬ፣ ሻንጣዬን ይዤ ወጣሁ። "ቆይ እንጂ፣ እንነጋገር" ይለኝ ነበር ደረጃው ላይ ሆኖ።

የሰፈር ሽማግሌዎች ነገሩን ይዘው ሦስት ጊዜ አስጠሩት፤ አንድም ቀን አልመጣም። እኔና አባቴ ቀበሌ ሄድን። ጸሐፊው መዝገቡን አገላብጦ፣ እንዲህ ያለ ውል እኛ ጋ አልደረሰም አለን። ቅጂውን እናሰማህ ስንለው እጁን አወዛወዘ፤ በዚያ ሰሞን ስለ መሬት የሚናገር ድምፅ መስማት የሚፈልግ ሹም አልነበረም። ከዚያ በሬዲዮ ማስተር ፕላኑ ቀርቷል ተባለ። ሰፈራችን እልል አለ። አባቴ እልልታውን ሰምቶ ወጣና አጥሩ ጋ ትንሽ ቆሞ ተመለሰ። የሰፈራችን ሰው ሁሉ የፈራው ካርታ ቀርቷል፤ እኛ ግን የምንፈራው ወረቀት ሌላ ነበር። ቤት ሻጩ ሰውዬ ስልኩን ዘጋ። ብጥብጡ አስፈርቶት ይሁን ወይ ሌላ ቦታ አግኝቶ፣ አላወቅንም። መሬታችንን እስከ ዛሬ የነካ የለም። የአባቴ አሻራ ያለበት ወረቀት ግን የት እንዳለ አናውቅም። ሰው ልኬ የድሮ ሸሪኬን ጠይቄው ነበር፤ ቀድጄዋለሁ አለ አሉኝ። ከዚህ በኋላ እሱ ቀደድኩ ያለውን ማን ያምናል?

እሱ የስልክ ደንበኞቹን ይዞ ሱሉልታ ቢሮ ከፈተ። መንገድ ዳር አንድ ጊዜ አይቼዋለሁ፤ እኔ ሚኒባስ ውስጥ፣ እሱ ዳቦ ይዞ ሲሻገር። ከስቷል። ወርጄ ላናግረው ይሁን ልስደበው ሳልወስን ሚኒባሱ ሄደ።

እኔ አሁን ገላን አካባቢ አንድ ማተሚያ ቤት ውስጥ ነው የምሠራው። ካርታ የሚሣል ሲመጣ የየት እንደሆነ ሳልጠይቅ አልጀምርም። አንዳንዱ ደንበኛ ይቆጣኛል፤ ይቆጣ።

ባለፈው ዓመት የአባቴ ቆጣሪ በእውነት ተፈቀደና የሚፈረም ወረቀት መጣ። አነበብኩለት፤ መጀመሪያ እንደተጻፈው፣ ከዚያ በኦሮምኛ፣ ከዚያ ደግሞ አንዳንዱን መስመር ለብቻው። በጥሞና ሰማኝ። "ጎሽ" አለኝ። ከዚያ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና ጋቢውን ለበሰ።

"ወዴት ነው አባዬ?"

"ቤተ ክርስቲያን ደርሼ ልምጣ። ዲያቆኑ ያነብልኛል።"

"አነበብኩልዎት እኮ።"

"አነበብሽልኝ" አለ። "እሱም ያንብብልኝ።"

በሩ ላይ ቆሜ ቁልቁለቱን ሲወርድ አየሁት። ቅር ብሎኝ ነበር፤ የመቀየም መብት ግን አልነበረኝም። ከሰዓት በኋላ ተመልሶ መጣና፣ ዲያቆኑ ያነበበውና እኔ ያነበብኩት አንድ መሆኑን ነገረኝ፤ ደስ ብሎት። ቀለሙን ራሱ አውጥቶ፣ ራሱ ፈረመ።